እህቴ ቡታጋዙን አሥር ጊዜ እየተነሳች ታያለች፤ ምን ላድርግ?

ታላቅ እህት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 22 ዓመቷ ነው። ማታ ቡታጋዙን ዘግታ ትተኛለች። ትነሳና ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትነሳለች። አንዳንዴ አሥር ጊዜ። መዘጋቱን ታውቃለች እኮ! ግን "በኔ ጥፋት ብትቃጠሉስ?" ትላለች። ካልማልኩላት አትተኛም። "እማዬ ትሙት ተዘግቷል" እላለሁ። በዚህ ወር እማዬን ስንቴ እንደገደልኳት እንጃ። እማዬ ደግሞ ጸበል እንውሰዳት ትላለች።

የሳይካትሪ ነርስ፦ እህቴ፣ ሳላያት ይሄ ነው ማለት አልችልም። የገለጽሽው ግን ኦሲዲ (OCD) የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ይመስላል። ሳትፈልገው የሚመጣ አስጨናቂ ሐሳብ አለ፤ ያንን ለማስታገስ ደጋግማ የምታደርገው ነገር አለ። ስታየው ቅልል ይላታል፣ ለጥቂት ደቂቃ። አእምሮዋ ግን "የተረፍነው ስላየሁ ነው" ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ደግሞ ያስነሳታል። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያንቺ መሐላም ሥራው ያው ነው።

ሕክምና አለው። ከባለሙያ ጋር፣ ከቀላሉ ጀምራ፣ ጭንቀቱ እያለ ሳታይ መቆየትን ትለማመዳለች። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። ለውጡን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰጃት።

አብዱ፦ እኛ ወስዋስ እንለዋለን። ለውዱእ፣ ማለት ከሶላት በፊት ለምንታጠበው፣ ብቻ 40 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። "ክንዴ በደንብ ረጥቧል?" እያልኩ የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሂ፣ ያልፈኛል። ሸይኻችን "ብትጠራጠርም አትድገም" አሉኝ። በኋላ ሐኪሟም ያለችኝ ያንኑ ነው። ለመስማት ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን አበሳዬን ነው ያየሁት።

የልጆች እናት፦ ልጄ፣ እናትሽን አትጣያት። ጸበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን። መድኃኒት ከጀመረች ግን ለጸበል ብላችሁ እንዳታስቋርጧት።

ታላቅ እህት፦ ታዲያ ዛሬ ማታ ዝም ልበላት?

የሳይካትሪ ነርስ፦ በድንገት አይሆንም፣ የጨከንሽባት ይመስላታል። ቀን ላይ ስትረጋጋ አብራችሁ ተስማሙ፤ አንዴ ብቻ ትመልሻለሽ፣ ያለ መሐላ። ከዚያ "ጭንቀቱ እንደከበደሽ አውቃለሁ፣ አብሬሽ ልቀመጥ" በያት። መሞትን ካነሳች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ውሰጃት።

ታላቅ እህት፦ ትናንት ተስማማን። ማታ ስድስት ጊዜ ተነሳች፣ አለቀሰችም። አልማልኩም። ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ እማዬም እሄዳለሁ ብላለች።