የፋይል ዝውውሩ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አልዘልል አለኝ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ቀራጩ፦ እንደምን አመሻችሁ። 400 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ በቤት ኔትወርክ እየገለበጥኩ ነው። ፍጥነቱ 11 ሜጋባይት ላይ ተቸንክሮ ስለቀረ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሥራውን ግን ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። ራውተሩ አዲስ ነው። የኢንተርኔት ጥቅሌን ባሳድገው ይሻል ይሆን?

የሌሊት ወፍ፦ ራውተሩን አጥፍተው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያብሩት።

መምህሩ፦ በመጀመሪያ ቢትንና ባይትን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ባይት 8 ቢት ነው፤ ኔትወርክ የሚለካው በቢት ሲሆን ኮምፒውተርዎ የሚያሳየው ደግሞ በባይት ነው። ፋይሉ ከቤትዎ ስለማይወጣ የኢንተርኔት ጥቅል ማሳደግ ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ተሟጋች፦ ይህን ያህል ፋይል በኔትወርክ መላክ ለምን አስፈለገ? በውጫዊ ዲስክ ቢወስዱት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ቀራጩ፦ ይህን የሚችል ባዶ ዲስክ የለኝም።

ሽቦ ቆጣሪ፦ 11 የሚለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ ላይ ኔትወርኩ ለራሱ መላላኪያ መረጃ የሚወስደው ሲቀነስ የሚቀረው ይኸው የእርስዎ 11 ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች በኬብል የተገናኙ ከሆነ፣ በየራሳቸው የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የግንኙነቱን ፍጥነት ይመልከቱና ይንገሩን።

የሌሊት ወፍ፦ ማጥፋትና ማብራቱን ሞከሩት?

ቀራጩ፦ ሁለቱም በኬብል ናቸው። አሮጌው 1000 ይላል፤ አዲሱ ላፕቶፕ ግን 100 ይላል! ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ለውጥ የለም።

ሽቦ ቆጣሪ፦ እንግዲያው ጥርጣሬዬ የላፕቶፑ ኬብል ላይ ነው። በኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች አሉ፤ 100 ሜጋቢት በአራቱ ብቻ ይሠራል፣ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። 100 ከማይጠቀምባቸው ከቀሩት አራቱ አንዱ ቢበጠስ ብዙውን ጊዜ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል እንጂ። ለዚህም ነው ሰው ኬብሉን የማይጠረጥረው።

ቀራጩ፦ ኬብሉ በበሩ ሥር ያልፋል፤ ሳወጣው አንድ ቦታ ላይ ተጠፍጥፎ አገኘሁት። ሌላ ኬብል አለኝ፤ ነገር ግን አጭር ስለሆነ ከጠረጴዛዬ እስከ ራውተሩ አይደርስም።

ተሟጋች፦ ላፕቶፕ የተሠራው ለመንቀሳቀስ መስሎኝ ነበር።

ሽቦ ቆጣሪ፦ ቀልዱ መፍትሔው ነው፤ ላፕቶፑን ይዘው ወደ ራውተሩ ይሂዱና በአጭሩ ኬብል ያገናኙት። 1000 ካለ በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። አሮጌው ኮምፒውተር የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ያለው ግን ከዚያ ዝቅ ሊል ስለሚችል አይደንግጡ። የተገለበጡትን ፋይሎች እንደገና አይላኩ፤ በመሃል የተቋረጠውን አንዱን ብቻ አጥፍተው ከመጀመሪያው ይገልብጡት።

የሌሊት ወፍ፦ ራውተሩን ሲያጠፉት ግን ሶኬቱን ነቅለዋል?