የጀሪካን ቲማቲሜ መቀመጫው እየጠቆረ ነው፤ ምን ላድርግ?

የማርቆሷ፦
እንዴት ናችሁ? ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ ነው የምኖረው። መሬት የለኝም። አራት ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አፋቸውን ቆርጬ፣ ታቻቸውን በስቼ፣ ቲማቲም ተክያለሁ። ሮማ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። ችግኙን ያዛወርኩት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ቅጠሉ ያምራል። ፍሬው ግን እንቁላል ሲያክል መቀመጫው ላይ ውሃ ያዘለ ነጠብጣብ ይጀምረዋል። በሳምንቱ ይጠቁርና እንደ ቆዳ ደርቆ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። እስካሁን 11 ፍሬ ጣልኩ። አከራዬ እማማ «ዓይን ገብቶበት ነው፣ ከበሩ ላይ አንሺው» አሉኝ። ወደ ጓሮ ወሰድኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። መድኃኒት ልርጭ?

የቡሬው፦
ርጪ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ! የእኔን ድንች ክረምት ላይ እንዲሁ አጥቁሮ ነው የጨረሰው።

ዳሞቴው፦
ኧረ ቆይ፣ አትርጪ። የድንቹ ምች መጀመሪያ ቅጠሉን ነው የሚያቃጥል። የእሷ ቅጠል ደህና ነው። ይሄ ተባይም አይደለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም አይጋባም። ካልሲየም የፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ካልሲየም ደግሞ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፤ አንድ ቀን ጠግቦ ሁለት ቀን የተጠማ ተክል ለጫፉ አይተርፈውም። እንደ ሮማ ሞላላ የሆነው ደግሞ ይብስበታል። እህቴ፣ በስንት ቀን ታጠጫለሽ? አፈሩስ ከየት ነው?

የማርቆሷ፦
እኛ ሰፈር ቧንቧ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣ። በመጣ ቀን በታች እስኪፈስ አጠጣዋለሁ። አፈሩ ከጤፍ ማሳ ዳር የቆፈርኩት ዋልካ ነው።

ዳሞቴው፦
በቃ እሱ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከጀሪካኑ ግድግዳ ይላቀቃል። ውሃው በዚያ ስንጥቅ ዥርር ብሎ ይወጣል። አንቺ ጠገበ ትያለሽ፣ መሀሉ ግን ጠብ አላለለትም። እኔም ዓምና ፍኖተ ሰላም ላይ ጉድ ሆኛለሁ። ጀሪካኑን ስገለብጠው ሥሩ ዳር ዳሩን ተጠምጥሟል፣ መሀሉ ጡብ ነው። እስቲ ጣትሽን መሀል ላይ ስደጂው።

አሁን ፍሬ ስለያዘ አትንቀዪው። ስንጥቁን በብስባሽ ድፈኝው፣ ላዩን በጤፍ ጭድ አራት ጣት አልብሺው። ቧንቧ በመጣ ቀን ውሃውን በባልዲ አጠራቅሚና ጠዋት ጠዋት ቀስ እያልሽ አጠጪ። እኔ የባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳን በመርፌ ወግቼ ዘቅዝቄ እተክላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። የጠቆረው አይድንም፣ ቁረጪው። ከእንግዲህ የሚይዘውን ነው የምታዪ። ዩሪያ ጨምረሽ ከሆነም አቁሚ፤ ቅጠል እያበዛ ችግሩን ያብሰዋል።

የማርቆሷ፦
ጣቴን ሰደድኩት። መሀሉ አመድ ነው! ዩሪያውንም አንድ እፍኝ በትኜ ነበር፣ አፍሬ ነው ያልጻፍኩት። የጠቆረውን ቆርጬ የቀረውን ወጥ ብሠራበት ይጎዳል?

የጣና ዳሯ፦
ካልበሰበሰ ምንም አይልሽ። እኔ ጥቁሩን ቆርጬ ስልስ እሠራበታለሁ።

ዳሞቴው፦
ጓሮው ጥላ ከሆነ ወደ በሩ መልሺው። ማርቆስ በጥር ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቀን እንኳ ፀሐይ ያግኝ። እማማ ከጠየቁሽ ዓይኑ ለቀቀው በያቸው።