ለብዙ ቀበሌ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ልጄን ላመላልሳት ወይስ ቤት ልከራይላት?

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ ዙሪያ)፦
ልጄ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን አልፋ በመስከረም 9ኛ ክፍል ትገባለች። የአካባቢያችን ቀበሌዎች ሁሉ ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር ያስኬዳል፤ መንገዱ ላይም ዝናብ ሲበረታ የሚሞላ ወንዝ አለ። ደሴ ዘመድ ጋ አስጠጋት የሚሉኝ አሉ፤ ነገር ግን ሰው ቤት የተጠጋች ልጅ ከደብተሯ ይልቅ ጓዳ ውስጥ እንዳትውል እሰጋለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ (መምህር)፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር፣ ከሩቅ የሚመጡት ልጆች ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ የሚደርሱት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነበር፤ ያመለጣቸውን ምሳሌ ከጓደኛ ደብተር ቢገለብጡትም አካሄዱ አይገባቸውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን 9ኛ ክፍል ላይ የጎደለ መሠረት በመጨረሻው ዓመት ጥናት ሲሞላ አላየሁም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ይከራዩላት። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ፣ የአንድ ቀበሌ ልጆች በአንድ ፈረቃ እንዲመደቡ ከምዝገባ በፊት በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ይጠይቁ።

መልስ (የቀድሞ ተማሪ)፦
ጋሼ፣ እኔ ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የተማርኩት። ቅዳሜ ወደ ቤት ሄደን እሑድ ከሰዓት ስንቃችንን ተሸክመን እንመለስ ነበር። እንጀራው እስከ ረቡዕ ቢያደርሰን ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቴ በነጭ ጨርቅ የምትቋጥርልኝን ድርቆሽ በበርበሬ እንፈረፍረዋለን፣ ጠዋት በሶ በጥብጠን እንወጣለን። ረኀቡን ቻልነው፤ የከበደን በራችን ከውስጥ በደንብ አለመቀርቀሩ ነበር። ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር እየነቃን፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እናንቀላፋ ነበር። እባክዎን ከኪራዩ ዋጋ በፊት መቀርቀሪያውን፣ መጸዳጃውንና ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ በዓይንዎ ይዩ፤ አከራይዋም እዚያው ግቢ የሚኖሩ እናት ቢሆኑ ይመረጣል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከቀበሌያችን የሚያልፉ ሌሎች ሁለት ልጃገረዶች ስላሉ ከአባቶቻቸው ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ሰኞ ልጆቹን ይዘን ቤት ልናይ እንሄዳለን፣ የፈረቃውንም ነገር በዚያው ለርእሰ መምህሩ እናቀርባለን።