አባቴ፣ ሴባስቶፖልና የፎርት ኬሲ መድፍ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ከደሴ ነው፤ አባቴን ልጠይቅ ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። አባቷ ከወልዲያ ወደ ሲያትል ሊመጡላት ነውና የት ልውሰዳቸው ላለችው እህታችን ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም።

እህቴ፣ ሞል አትውሰጃቸው። አምና እኔ አባቴን ይዤ ከሱቅ ሱቅ ስዞር እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማቸውን እያዩ ዋሉ። ቤት ደግሞ እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሳቸው ከመስኮቱ ጋር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታና ከዱዓ ሌላ ድምፃቸው አልተሰማም።

አንድ ቅዳሜ ዊድቢ ደሴት፣ ፎርት ኬሲ ሄድን። ከሙኪልቲዮ መኪናሽን ፌሪ ላይ ጭነሽ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ደሴቱን ወደ ሰሜን መንዳት ነው። ዛሬ መናፈሻ ነው እንጂ ድሮ የባሕር በር ጠባቂ ምሽግ ነበር። ከፎርት ወርደንና ከፎርት ፍላግለር ምሽጎች ጋር ሆኖ፣ ወደ ሲያትል በሚያደርሰው የባሕር ሰርጥ፣ ወደ ፒዩጀት ሳውንድ፣ የሚገባን የጠላት መርከብ በሦስት በኩል እንዲመታ የተሠራ ነው።

አባቴ የተንታ ልጅ ናቸው። መቅደላ ለእሳቸው የሰፈር አምባ ነው፤ ሴባስቶፖልን በልጅነታቸው በእጃቸው ዳብሰውታል። ባለ10 ኢንቹ መድፍ ዘንድ ሲደርሱ ከዘራቸውን ለልጄ አስያዙና ብረቱን እየዳሰሱ ዞሩት። «ፊቱ ግንብ ነው፤ በየት በኩል ይተኩሳል?» አሉ። ትክክል ናቸው። መድፉ ከግንቡ ጀርባ ዝቅ ብሎ ይጎርሳል፤ ከባዱ ሚዛን ሲለቀቅ ከግንቡ በላይ ብቅ ይላል፤ ሲተኩስ የራሱ ግፊት መልሶ ያስተኛዋል። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«የኛው 7 ቶን ነው» ብለው ጀመሩ። ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት መጎተቱን፣ መንገዱ እየተጠረገ በገደል ላይ መውጣቱን፣ የ1860ውን ሚያዝያ አወጉን። ልጆቼ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። ትልቁ አማርኛ የሚገባው ግማሹን ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም ከአባቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን እዚያ ሰማሁ።

የቀድሞዎቹ መድፎች ተነስተው ስለነበር አሁን ያሉት በ1968 እ.ኤ.አ. ከፊሊፒንስ የመጡ ናቸው። አባቴ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ጋቢ ያዢላቸው፤ ነፋሱ በበጋም ይበርዳል። የጥይት ማከማቻ ክፍሎቹ ጨለማ ስለሆኑ ባትሪ ያስፈልጋል። የግንቡ ጠርዝ ከፍ ያለ ነውና ሕፃናቱን እጃቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ለመኪና ማቆሚያ ዲስከቨር ፓስ ይጠየቃል፤ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለሚያውሱት ቀድመሽ ጠይቂ።

ትናንት ከሰዓት እዚህ ሆጤ ቡና ተፈልቶ፣ ቶናው ላይ አባቴ ይህንኑ ለጎረቤት ሲያወጉ ነበር። መድፉ እንዴት እንደሚነሳ በክንዳቸው እያሳዩ። አንዲት እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ሰው ገድሏል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምሽጉ በጠላት ላይ አንድም ቀን አልተኮሰም» አሉ አባቴ። «ሜዳው ላይ ልጆች ካይት ያበራሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና በረካውን ተቀበሉ።