ኦቫል አልማዝ ልገዛ ነው፤ ጥሩነቱን በምን ልወቅ?

ጥያቄ — ሙሽራው (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሽማግሌ ልከን እሺ ተብለናል፣ ተመስገን። አሁን የቀረኝ ቀለበቱ ነው። እጮኛዬ ክቡን አልማዝ አትወድም፤ የምትፈልገው ሞላላውን፣ ኦቫሉን ነው። አንድ ወርቅ ቤት ሁለት ድንጋይ አሳዩኝ። ሁለቱም 1.5 ካራት ናቸው። ቀለማቸው ጂ (ዲ ከሚባለው ፍጹም ነጭ ጀምሮ ወደ ቢጫ በሚወርደው መለኪያ)፣ ጥራታቸው ቪኤስ2 (ውስጡ ያለው ነጥብ ጥቃቅን ነው ማለት ነው)፣ ወረቀታቸው የጂአይኤ፣ አልማዝ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው የአሜሪካው ተቋም። ዋጋቸው ግን በ2,000 ዶላር ይለያያል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ይሄኛው ያምራል» ብሎ ዝም አለ። ወረቀቱ ላይ የአቆራረጥ ደረጃ ብፈልግ የለም። ተደብቆብኝ ይሆን? ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነውና የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ — የዴይራው (ዱባይ)
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ማንም አልደበቀብህም። ጂአይኤ ለተፈጥሮ አልማዝ የአቆራረጥ ደረጃ የሚሰጠው ለክቡ ብቻ ነው። ለኦቫል ፖሊሽና ሲሜትሪ ብቻ፣ ማለትም የገጾቹን ልስላሴና የቅርጹን መመጣጠን ብቻ ይጽፋል። ሁለቱም «ኤክሰለንት» (እጅግ በጣም ጥሩ) የተባሉለት ድንጋይ መሃሉ ጨልሞ አይቻለሁ። እዚህ ወርቅ ገበያ ውስጥ ስሠራ ብዙ ሰው ወረቀቱን አንብቦ ድንጋዩን በደንብ ሳያይ ሲገዛ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ የምታየው መሃሉን ነው። ክንድህን ዘርግተህ ያዘው፤ ወገቡ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ጥቁር ጥላ ታያለህ። የቢራቢሮ ከረባት ስለሚመስል ቦው ታይ ይሉታል። ከፊት የሚመጣውን ብርሃን የራስህ ጭንቅላት ሲከልለው የሚፈጠር ነው። ትንሽ ትንሽ በሁሉም ኦቫል ላይ አለ ማለት ይቻላል። ድንጋዩን ቀስ አድርገህ አወዛውዘው። ጥላው ብልጭ ድርግም እያለ ቦታ ከቀየረ ጥሩ ነው። እንደ ጥቀርሻ ተለጥፎ ከቀረ ግን ተወው፣ በኋላ ሁልጊዜ ዓይንህ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ደግሞ በሱቁ መብራት ብቻ አትፍረድ። ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች ብርጭቆም ያስጌጣሉ። መስኮት አጠገብ ውሰደው፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ስር ጥላ ውስጥ እየው። እዚያም ሕይወት ካለው፣ ጥሩ ድንጋይ ነው።

መልስ — መሐንዲሱ
ካራት ክብደት እንጂ ስፋት አይደለም፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ወረቀቱ ላይ ሚሊ ሜትሩን እይ። 1.5 ካራት ኦቫል በአማካይ 8.8 በ6.5 ገደማ ይሆናል። ርዝመቱን ለወርዱ አካፍል። ብዙ ሰው ከ1.35 እስከ 1.50 ያለውን ይወዳል፤ እሱ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ጥልቀቱ ሲበዛ ክብደቱ ከስር ይደበቃል፤ ለማይታይ ካራት ትከፍላለህ ማለት ነው።

መልስ — እትዬ (ሜሪላንድ)
ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። የእኔ ቀለበት የውሃ ጠብታ ቅርጽ ያለው ነው፣ ፒር የሚሉት። ሹል ጫፉን የሚሸፍን ጥፍር፣ ድንጋዩን ቆንጥጦ የሚይዘውን ወርቅ፣ አላደረጉለትም ነበር። አንድ ቀን የመኪና በር ስዘጋ ተጋጨና ጫፉ ተሸረፈ። አልማዝ በቀላሉ አይጫርም እንጂ ይሰበራል፣ ማንም አልነገረኝም። ኦቫል ሹል ስለሌለው ይሻላል፤ ቢሆንም ጥፍሮቹን በጣትህ ዳስሳቸው። ሹራብ የሚይዝ ከሆነ በደንብ አልተሠራም።

መልስ — የዴይራው
እትዬ ልክ ናቸው። ኤመራልድ የሚባለውን አራት ማዕዘን ቅርጽ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ጥራቱን ከፍ አድርጉ። ገጾቹ ረጃጅምና እንደ ደረጃ የተደረደሩ ስለሆኑ ውስጡ ያለውን ነጥብ ሁሉ ያሳያሉ።

ጠያቂው ተመልሶ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ ነበር። ርካሹ 8.2 በ6.5 ነው፣ ጥልቀቱ የወርዱ 69 በመቶ። ከጎኑ ሲታይ ሆዳም ነው። ውዱ 8.9 በ6.4፣ ሰፊና የሚያምር። መስኮት ጋ ስወስደው ግን ያ ጥላ መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ባወዛውዘውም አልነቃነቅ አለ። ሻጩ ሦስተኛ አመጣልኝ፤ ቀለሙ ኤች (ከጂ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ)፣ 8.8 በ6.4፣ ከውዱ ይረክሳል። ጠረጴዛው ስር ሳስገባው እንኳ ያበራል፤ ልቤ ወደደው። ኤች መሆኑ ይጎዳኛል?

መልስ — የዴይራው
ቀለበቱ ቢጫ ወርቅ ነው ነጭ? በቢጫ ወርቅ ላይ ኤች ምንም አይልም። ኦቫል ቀለሙን የሚያሳየው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። ነጭ ወረቀት እጠፍና ድንጋዩን እጥፋቱ ላይ በጎኑ አስተኛው። ጫፎቹ ቢጫ ካልመሰሉህ ውሰደው።

ከመክፈልህ በፊት 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ጠይቅ። የድንጋዩ ወገብ ላይ ቁጥር በሌዘር ተጽፎ ከሆነ ከወረቀቱ ጋር አመሳክር፤ ያንኑ ቁጥር ራስህ ጂአይኤ ድረ ገጽ ላይ አስገባ። የተፈጥሮ መሆኑንም አረጋግጥ። ላብራቶሪ የተሠራውም እውነተኛ አልማዝ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ዝቅ ይላል።

ጠያቂው
ቢጫ ወርቅ ነው። ነገ ወረቀቴን አጥፌ እሄዳለሁ።

መልስ — እትዬ
በስንት ቀን መመለስ እንደሚቻል በጽሑፍ ተቀበል ልጄ። በቃል ብቻ እንዳትወጣ።