የአርሴኒክና የካንሰር ማስረጃ ግምገማ፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁም። ቃል በገባሁት መሠረት የፕሮፖዛሉን የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ዋና ጥያቄያችን፦ «በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ አርሴኒክ ካንሰር ያመጣል ወይ?» አካሄዳችን ደግሞ በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበን፣ በሜታ አናሊሲስ ደምረን፣ አንድ ቁጥር ማውጣት ነው። ማኅበሩ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ አቋሙን ይጽፋል። እስቲ የታያችሁን በሉ። አትራሩለት፣ ቅር አይለኝም።

የካንሰር መዝገብ ባለሙያ
አይዞሽ፣ ልራራለትም አላሰብኩም። ጥያቄው ራሱ ያለቀለት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አርሴኒክን ካንሰር አምጪነታቸው በሰው ላይ ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ፣ ምድብ 1 ውስጥ፣ ካስገባው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሰነድ የመጠጥ ውሃን ለብቻ አይቶ ያንኑ አጸና። በ2012 ደግሞ ለሳንባ፣ ለሽንት ፊኛና ለቆዳ ካንሰር ማስረጃው በቂ ነው አለ። ለኩላሊት፣ ለጉበትና ለፕሮስቴት ግን ግንኙነት ታይቷል ከማለት አላለፈም። እኛ አሁን ተነስተን «ያመጣል ወይ» ብንል የተፈጨ ዱቄት መልሰን ልንፈጭ ነው። ያልተቋጨው ሌላው ነው። ምን ያህል ሲጠጣ? ለስንት ዓመት? ጉዳቱ የሚታየውስ መቼ ነው?

የስታቲስቲክስ ባለሙያ
እኔን ያስደነገጠኝ «አንድ ቁጥር» የምትለዋ ነች። በሊትር ብዙ መቶ ማይክሮግራም የጠጡ ሰዎችና 5 ወይም 20 የጠጡ ሰዎች በአንድ ማሰሮ ተቀቅለው የሚወጣው አማካይ የማንም አይደለም። ከፍተኛ መጠን ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ክርክሩ ያለው ታች፣ ከ100 በታች ነው። እዚያ ደግሞ ስታቲስቲክስ ራሱ ያነክሳል።

በግምት ላሳያችሁ። ትንሽ አርሴኒክ የሽንት ፊኛ ካንሰርን ስጋት በ10 በመቶ ይጨምራል እንበል። ለምሳሌ ያህል ነው፣ ማንም ይህን ለካ አላልኩም። ከሰዎቹ ግማሹ ውሃውን የጠጡ ቢሆኑ፣ ያቺን ጭማሪ በተለመደው 80 በመቶ የማግኘት ዕድል ለማየት ወደ 7,000 የሚጠጉ ታማሚዎችና ያንኑ ያህል ጤነኞች ያስፈልጉናል። 300 ታማሚ ይዞ «ምንም አላገኘሁም» የሚል ጥናት «ምንም የለም» እያለ አይደለም። ፕሮፖዛሉ ይህን ልዩነት በግልጽ ይጻፍ።

አስተባባሪ
ጋሼ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው 10 ማይክሮግራም መስመር አለ አይደል? ከሱ በታች ያለውን ብንተወውስ?

የስታቲስቲክስ ባለሙያ
እሱ መስመር የደኅንነት ድንበር አይደለም፣ የኔ ልጅ። ድርጅቱ በ1993 ከ50 ወደ 10 ሲያወርደው «ጊዜያዊ» ብሎ ነው ያስቀመጠው። አንዱ ምክንያት ከዚያ በታች ለመለካትና ለማጣራት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ማጣሪያው የቆመበት ቦታ ጉዳቱም የቆመበት ነው ማለት አይቻልም።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ
ሁላችሁም ስለ መጠን ታወራላችሁ። መጠኑን ማን ለካው? የኔ ጭቅጭቅ ይኸው ነው።

የደቡብ ምዕራብ ታይዋንን ተመልከቱ። በ1968 የታተመው የቆዳ ካንሰር ጥናት ከ40,000 በላይ ሰው አይቷል። በኋላ የመጡት የሞት ጥናቶችም ብዙ ስሌት ተሠርቶባቸዋል። ግን ለያንዳንዱ ሰው የተሰጠው ቁጥር የመንደሩ ጉድጓዶች መካከለኛ ቁጥር ነው። በአንድ መንደር አንዱ ጉድጓድ 50፣ ሌላው 700 ቢሆንስ? ሰውዬው ከየትኛው ቀዳ? አንዳንዱ መንደር ደግሞ የተለካለት አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ሰሜን ምሥራቅ ታይዋን የተደረገውን የክትትል ጥናት አስተያዩ። ከ8,000 በላይ ሰዎች፣ ውሃው የተለካው በየቤታቸው ጉድጓድ። ባንግላዴሽ አራይሃዛር ላይ በ2000 የተጀመረውም ወደ 12,000 ሰው ይዞ ጉድጓዱንም ሽንቱንም ለክቷል።

ሽንት ስል ግን «በሰውነት ውስጥ የተለካ ስለሆነ ይበልጣል» እንዳትሉኝ። ሽንት የሚናገረው ያለፉትን ጥቂት ቀናት ነው። የባሕር ምግብም ያደናግረዋል። ትናንት ማታ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የበላ ሰው ጠቅላላ አርሴኒኩ ወደ ላይ ይተኮሳል። ያ አርሴኖቤታይን የሚባለው ነው፣ መርዛማነቱ ከቁጥር የማይገባ፣ ሰውነትም እንዳለ የሚያስወጣው። ዓይነቱን ሳይለይ ጠቅላላውን ብቻ የለካ ጥናት የሰውን እራት ለክቶ ሊሆን ይችላል።

የእግር ጥፍር ይሻላል። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከወራት እስከ አንድ ዓመት በፊት የነበረውን ይይዛል። ግን እሱም አመል አለው። ገና ጀማሪ ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ አንድ ሙሉ ሳጥን የጥፍር ቁርጥራጭ ሳይታጠብ ተፈጭቶ ተለካ። ከጥፍሩ ሥር የተጣበቀው አፈር አብሮ ተለክቶ ኖሯል። ቁጥሮቹ አስደንጋጭ ነበሩ። እኛ ደግሞ ደስ ብሎን ግራፍ እየሠራን! ስለዚህ የምጠይቀው አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱ ጥናት መጠኑን በምን ለካ፣ መቼ ለካ፣ ናሙናውን እንዴት አዘጋጀ?

የቆዳ ሐኪም
አንድ ነገር ልጨምር። የቆዳ ምልክቱን በክሊኒክ ያየ ሰው አይረሳውም። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ጠጠር ጠጠር ያለ፣ ሲዳስሱት የሚቆረቁር የቆዳ መወፈር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን አርሴኒክ በመድኃኒትነት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሕሙማን ላይ የቆዳ ካንሰር አይቶ ጽፏል። ይህንን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። የአርሴኒክ ነገር ከሌሎቹ የሚለየው ማስረጃው ከሰው ጀምሮ መምጣቱ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአይጥ ላይ ካንሰሩን ማሳየት አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ የሰው ጥናቱን በወጉ ካልመዘንን የምንደገፍበት ሌላ ግድግዳ ብዙ የለም።

ጀማሪ አባል
ይቅርታ፣ ምናልባት የሞኝ ጥያቄ ይሆናል። ሳንባና ሽንት ፊኛ የሲጋራም ካንሰሮች ናቸው። አርሴኒኩን ትተን አጫሾቹን እየቆጠርን እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?

የካንሰር መዝገብ ባለሙያ
የሞኝ አይደለም፣ እንዲያውም ዋናው ነው። መልሱ ግን እንደ መጠኑ ይለያያል። የቺሊዋን አንቶፋጋስታ እንውሰድ። በ1958 ከተማዋ አዲስ የወንዝ ውሃ ገባላት። ውሃው በሊትር 860 ማይክሮግራም ገደማ አርሴኒክ ነበረው። በ1970 ማጣሪያ ተተከለና መጠኑ ወረደ። ከ1989 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት በዚያ ክልል በሽንት ፊኛ ካንሰር የሞቱ ወንዶች ከሚጠበቀው 6 እጥፍ፣ ሴቶች 8 እጥፍ ነበሩ። የሳንባው ከ3 እጥፍ በላይ።

አሁን ሲጋራን እናስገባ። ማጨስ የሽንት ፊኛ ካንሰርን ስጋት 3 እጥፍ አካባቢ ያደርሰዋል። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ አጫሽ፣ ሌላ ቦታ ያለው ሁሉ የማያጨስ ቢሆን እንኳ 6 እጥፍ አይሞላም። ማዕድን ማውጫ አካባቢ ስለሆነ ሥራው ይሆናል እንዳንል ሴቶቹም አሉ። ታች ግን፣ ጋሼ ባሉት 10 በመቶ ላይ፣ ትንሽ የአጫሽ ቁጥር ልዩነት ብቻውን ውጤቱን ሊፈጥረው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ለዝቅተኛ መጠን ጥናት የሲጋራ መረጃ ግዴታ ይሁን። ለከፍተኛው ቢኖር ጥሩ ነው።

ደግሞም ሲጋራና አርሴኒክ አብረው ሲሆኑ ስጋቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም፣ ይብሳል። ማጨስን «አስተካክለናል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የሚያጨሱና የማያጨሱ ለየብቻ ይታዩ።

እንዳልረሳው፣ ዓመቶቹን አያችኋቸው? ውሃው የተስተካከለው በ1970፣ ሞቱ የተቆጠረው ከ20 ዓመት በኋላ። በሕፃንነታቸው ወይም በማኅፀን ሳሉ የተጋለጡት ላይ ደግሞ ጉዳቱ በጎልማሳነታቸው መጣ። 10 ዓመት ብቻ ተከታትሎ «አላየሁም» ያለ ጥናት ከበሩ ገብቶ ሳይቀመጥ የወጣ እንግዳ ነው።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ
በዚህ አልጣላህም። ግን ልብ በል፣ የጠቀስከው የቺሊ ጥናት ራሱ በግለሰብ የተለካ አይደለም። የክልል ሞት ነው። እኔ የመንደር አማካይ የተጠቀሙ ይውጡ ልል ነበር። እሱም አብሮ ሊወጣ ነው።

የካንሰር መዝገብ ባለሙያ
እሱማ ከወጣ ትልቁን ማስረጃ ጣልነው! አንቶፋጋስታ ደረቅ ምድር ነች። ሌላ ውሃ የለም፣ ሁሉም ከአንድ ቧንቧ ነው የጠጣው። እዚያ የከተማው ቁጥር የሰውዬውም ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። የመንደር ጉድጓዶቹ ላይ ግን አይደለም።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ
እሺ፣ ረታኸኝ። እንግዲያው የጥናቱ ዓይነት ስም መለኪያ አይሁን። ኮሆርት (እያንዳንዱን ሰው ለዓመታት የሚከታተል ጥናት) ከሆነ 4 ነጥብ፣ የቡድን ጥናት (የመንደር ወይም የክልል ቁጥር ብቻ የያዘ) ከሆነ 1 ነጥብ እያልን አንደምር። ጥያቄው «ለሰውዬው የተሰጠው ቁጥር ምን ያህል የራሱ ነው?» ይሁን።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ
ይህ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይግባ። የነጥብ ድምሩ ይቅር፣ አንድ ገዳይ ጉድለት በአምስት ጥቃቅን ጥሩ ነገሮች ይሸፈናል። እኔም ከ100 በታችና በላይ ብዬ መቁረጤን እተዋለሁ። ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ብቻ ነው የመረጥኩት። ጥናቶቹ በራሳቸው ምድብ ይግቡና የመጠንና የስጋት መስመር እንሥራ። ከላይ ያለውን መስመር ወደ ታች ጎትተን ስናወርድ ግን ግምት መሆኑ በሌላ ቀለም ይታይ።

አስተባባሪ
ማሻሻያው ይኸው፦

«ማኅበሩ አርሴኒክ ካንሰር ማምጣቱን እንደገና አይጠይቅም። የሚገመግመው በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ ኦርጋኒክ ያልሆነ (ከካርቦን ጋር ያልተጣመረ) አርሴኒክ መጠን፣ የተጋላጭነት ዕድሜና ከተጋለጡ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ከሳንባ፣ ከሽንት ፊኛና ከቆዳ ካንሰር ስጋት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ነው። እያንዳንዱ ጥናት በቅድሚያ የሚመዘነው ለተጠኚው የተሰጠው የመጠን ቁጥር ምን ያህል የራሱ መሆኑን በማየት ነው። የአነስተኛ ጥናቶች ‹አልተገኘም› የሚል ውጤት ከነመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊሆን ከሚችልበት ስፋት ጋር) ይቀርባል እንጂ ‹የለም› ተብሎ አይነበብም።»

የቆዳ ሐኪም
ጥሩ ነው። የቆዳ ምልክት ያለባቸውን ብቻ የያዙ ጥናቶችስ? ምልክቱ የመጠን ምስክር ነው፤ ግን ሰውነቱ አርሴኒኩን በደንብ የማይለውጥ ሰውም ቶሎ ይታይበታል። እኔ ለብቻ ይቀመጡ ባይ ነኝ።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ
እኔ ይውጡ ባይ ነኝ። ሁለቱም ሐሳብ ከነምክንያቱ ይጻፍና በሙከራ ንባቡ እናየዋለን።

አስተባባሪ
ተጽፏል። የሙከራ ንባቡ በአምስት ጥናት ይጀመር፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሰው ያንብብ። ጀማሪዋ አባላችን የውጤቱንና የማጠቃለያውን ገጾች ቆርጣ የአሠራሩን ክፍል ብቻ ትላክልን። ውጤቱን ሳናይ መለኪያውን እንፍረድ።

ጀማሪ አባል
እሺ። አጭር መግለጫው ላይም ውጤት ስላለ እሱንም እሸፍነዋለሁ። ርዕሱ ውስጥ ውጤቱን የጻፉም አሉ፣ እነሱን በቁጥር ብቻ እልካቸዋለሁ።