አሸር አልማዝ፦ ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ?

ጥያቄ
ሙሽራው (ጎንደር፣ ማራኪ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። እጮኛዬ አንድ ቀን ስልኳ ላይ የቀለበት ፎቶ አሳየችኝ። አራት ማዕዘን ሆኖ ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ፣ ውስጡ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ አልማዝ ነው። «ፋሲል መዋኛው ውሃ ሳይሞላ ይመስላል» ብላ ሳቀች። እሷ ረስታዋለች፣ እኔ ግን አልረሳሁትም። ስጠያይቅ ቅርጹ አሸር እንደሚባል ሰማሁ።

ታላቅ እህቴ ዱባይ ናት። ለፋሲካ ስትመጣ ድንጋዩን ብቻ ይዛ ትመጣለች፣ ቀለበቱ እዚህ ይሠራል። ከአንድ ሱቅ ሁለት አግኝታለች። ሁለቱም የጂአይኤ (የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም) ሰርተፍኬት አላቸው፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው።

አንደኛው፦ 1.01 ካራት፣ ቀለሙ ጂ (ከኤች አንድ ደረጃ የነጣ)፣ ንጽህናው ቪኤስ1 (እንከኑ በጣም ጥቃቅን)፣ ልኩ 5.58 በ5.53 በ3.70 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከስፋቱ 66.9 በመቶ፣ ቴብሉ (የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ) ከስፋቱ 61 በመቶ።

ሁለተኛው፦ 1.20 ካራት፣ ቀለሙ ኤች፣ ንጽህናው ኤስአይ1 (እንከኑ ትንሽ ጎላ ያለ)፣ ልኩ 5.70 በ5.42 በ4.20 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 77.5 በመቶ፣ ቴብሉ 72 በመቶ።

ሻጩ ሁለተኛውን እንድትወስድ ይጎተጉታታል። «ካራቱ ትልቅ ነው፣ አቆራረጡም ኤክሰለንት ነው» ይላታል። እስከ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ። አንድ ደግሞ የማይገባኝ ነገር አለ። የኛ ወርቅ 18 ካራት፣ 21 ካራት ይባላል። አልማዝ እንዴት አንድ ካራት ይሆናል? አትሳቁብኝ።

መልስ
ዱባይ ስምንት ዓመት

ማን ይስቅብሃል፣ እኔም እዚህ አገር ስመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ነገራቸው ለየቅል ነው። የወርቅ ካራት የሚነግርህ ንጥርነቱን ነው። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው፣ የቀረው ሌላ ብረት። የአልማዝ ካራት ግን ሚዛን ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም። ስለዚህ ሻጩ «ካራቱ ትልቅ ነው» ሲል «ይከብዳል» ማለቱ ነው። «ትልቅ ሆኖ ይታያል» አላለም።

አሁን ካልኩሌተር አውጣ። የአንደኛውን ርዝመትና ስፋት አባዛ፤ 5.58 በ5.53፣ 30.86 ይመጣል። የሁለተኛውን አባዛ፤ 5.70 በ5.42፣ 30.89። አየህ? ጣቷ ላይ ከላይ ሲታዩ ሁለቱ እኩል ናቸው! ታዲያ ያ ትርፍ 0.19 ካራት የት ገባ? ሆዱ ውስጥ። 3.70 እና 4.20 የሚለውን ቁጥር እይ። ቀለበቱ ውስጥ ተቀብሮ ለሚቀር ሆድ ነው የምትከፍለው።

አሸር ሲጀመርም ሆዱ ውስጥ ክብደት የሚይዝ ቅርጽ ነው። አንድ ካራት የሆነ ክብ አልማዝ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ አሸር 5.5 ገደማ። ይህን አውቀህ ግባበት። ያም ሆኖ 77.5 በመቶ በዝቷል። እኔ ስመርጥ ከ60 እስከ 68 ያለውን ነው የማየው፣ ትንሽ ቢያልፍም አልጣላውም።

መልስ
አዘዞ

ሳልጠየቅ ልናገር፣ ይቅርታ። በዚያ ብር 21 ካራት ወርቅ ግዛላት። ቢቸግራችሁ ነገ ፒያሳ ወርዳችሁ በግራም ትሸጡታላችሁ። አልማዝ ይዘህ ጎንደርን ብትዞር ማን ይገዛሃል? ገዢ ቢገኝ እንኳ በገዛህበት አይወስደውም።

ሙሽራው

ወንድሜ እውነትህን ነው። ለጥሎሹ ወርቁ ተገዝቷል። ይኼኛው ግን ለመሸጥ አይደለም፣ ያቺን ሳቋን ብዬ ነው።

አዘዞ

እንግዲህ ለሳቅ ከሆነ አልናገርም። መልካም ጋብቻ።

መልስ
ድንጋይ ለቃሚ

ስለ ኦፓል ነበር የምጽፈው፣ ዛሬ ስለ አልማዝ ልጻፍ። ከሻጩ ንግግር ልጀምር። ጂአይኤ የአቆራረጥ ደረጃ የሚሰጠው ለክብ አልማዝ ብቻ ነው። ለአሸር አይሰጥም። ሰርተፍኬቱ ላይ ኤክሰለንት የሚል ካለ ስለ ልስላሴው (ገጹ ስለ መወልወሉ) ወይም ስለ ሲሜትሪው (ገጾቹ ስለ መመጣጠናቸው) የተጻፈ ነው። እህትህ ቃሉ ከየትኛው መስመር እንደተነበበ ትጠይቀው። ደግሞ «አሸር» የሚል ቃል ብታጡ አትደንግጡ። ጂአይኤ ይህን ቅርጽ ‹ስኩዌር ኤመራልድ ከት› ብሎ ነው የሚጽፈው።

ንጽህናው ላይ ግን ቆም ብለህ አስብ። ክብ አልማዝ በትናንሽ ገጾች የተሞላ ስለሆነ ብርሃኑ ይበታተናል፣ እንከን ቢኖር ይደበቃል። አሸር ረጃጅም ገጾች ነው ያሉት፣ መስኮት ማለት ነው። ጠላ ውስጥ ጸጉር ቢገባ ላታየው ትችላለህ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግን ያው ጸጉር ገመድ ይመስላል። ለዚህ ነው ክብ ላይ ምንም የማይለው ኤስአይ1 አሸር ላይ የሚያሰጋው። እኔ ከቪኤስ2 በታች ሳላይ አልገዛም። ኤስአይ1 ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እንከኑ የት ነው? ሙሉው ሰርተፍኬት ከሆነ የድንጋዩ ሥዕል አለበት። የውስጥ እንከን በቀይ፣ የላይ እንከን በአረንጓዴ ምልክት ይደረጋል። ቀዩ ምልክት ጥግ ላይ ከሆነ ድንጋዩን የሚይዘው የቀለበቱ ጥፍር ሊሸፍነው ይችላል። መሀል ላይ፣ ከላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ሥር ከሆነ ግን ደረጃዎቹ እንደ መስታወት እየደጋገሙ ያሳዩታል። አንዱ ነጥብ አራት ይሆናል።

ቀለሙ አያጨቃጭቅህ። በጂ እና በኤች መካከል ያለውን ልዩነት ቀለበት ላይ አታየውም። ነጭ ወርቅ ከሆነ ኤች ይበቃል፣ ቢጫ ወርቅ ከሆነ ከኤች ቀጥሎ ያለው ‹አይ› የሚባለው ቀለምም ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው። አሸር በቁጥር አይመረጥም፣ ቁጥሩ የማይሆነውን ለመጣል ብቻ ነው። እህትህ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ትላክልህ። በሱቁ አምፖል ሥር አይሁን፣ እዚያ ሥር ጠርሙስም ያብረቀርቃል። መስኮት አጠገብ ይሁንና ድንጋዩን ቀስ እያለች ታዘንብለው። ከላይ ስታየው አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ እየተሰካ ወደ አንድ መሀል መውረድ አለበት። ከአራቱ የተቆረጡ ጥጎች አራት መስመሮች ተነስተው መሀል ላይ ኤክስ ይሠራሉ። ፈረንጆቹ የንፋስ ወፍጮ ይሉታል፣ ለኛ መስቀል ብንለው ይቀላል። የመስቀሉ ክንፍ ከተሰበረ፣ ወይም መገናኛው ከታችኛው ሹል ጫፍ ጋር ካልገጠመ፣ ድንጋዩ ተጣሟል። መሀሉ በየትኛውም አቅጣጫ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ተወው። ቴብል የምትሉት ያ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ሲሰፋ ደግሞ የአሸር ወዙ ይሄዳል። ሲፈጠር ጀምሮ ቴብሉ ጠበብ፣ የላይ ክፍሉ ከፍ ያለ ነበር። 72 በመቶ ብዙ ነው።

ከነገሩ ልውጣና፣ ቅርጹን ያወጣው የአምስተርዳሙ ጆሴፍ አሸር ነው፣ በ1902። በ1908 ኩሊናን የሚባለውን 3,106 ካራት አልማዝ የፈለጠውም እሱ ነው። ከላይ በተሰጠህ ሒሳብ ምታው፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። የመጀመሪያው ምት ላይ የተሰበረው ድንጋዩ ሳይሆን ምላጩ ነበር አሉ።

መልስ
ወርቅ ሰሪ፣ ፒያሳ

ልጄ፣ ከላይ የተጻፈው ደህና ነው። እኔ የእጄን ልንገርህ።

ድንጋዩ ሳይመጣ ቀለበቱን የሚጀምርልህ ሰው ካገኘህ አታሠራ። ሚሊ ሜትሩ በወረቀት ቢታወቅም የወገቡ (ድንጋዩን ዙሪያውን የሚዞረው ጠርዝ) ውፍረትና የሆዱ ቁልቁለት በዓይን ካልታየ ጥፍሩ በትክክል አይቀመጥም። ያ ሁለተኛው ሆዳም ስለሆነ ቀለበቱ ከጣት ከፍ ብሎ ይቆማል። ነጠላ ይጠልፋል፣ ጸጉር ይነጫል። ሊጥ ስታቦካማ ተወው።

ወርቁን 18 ካራት አድርገው። እዚህ ሁሉ ሰው 21 ይላል፣ ለአንገት ሐብል ጥሩ ነው። ለጥፍር ግን 21 ለስላሳ ነው፣ በጊዜ ይከፈትና ድንጋዩ ይወድቃል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ጥፍሩን አሳዩ።

ሰው «አልማዝ አይሰበርም» ይላል። አይቧጨርም እንጂ ይሰነጠቃል። እንጨት በመስመሩ ሲመቱት እንደሚፈለጠው ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው የአምስተርዳም ሰውዬም የፈለጠው በዚሁ ነው። ስለዚህ ወገቡ ጥጎቹ ጋ በጣም ስስ የሆነ ድንጋይ አትግዛ። ጥፍር ስጫን የሚሄድብኝ እዚያ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የወገቡ ውፍረት ተጽፏል፣ አንብበህ ጻፍልኝ።

ሙሽራው

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአንደኛው ‹ሚዲየም› (መካከለኛ) ይላል። የሁለተኛው ‹ቬሪ ቲን› (በጣም ስስ) ብሎ ይጀምርና ‹ስላይትሊ ቲክ› (ትንሽ ወፍራም) ይላል።

ወርቅ ሰሪ፣ ፒያሳ

ሁለተኛውን ወደ እኔ አታምጣው።

መልስ
ጎሃ ማዶ

ሁላችሁም ድንጋዩ አልማዝ ነው ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። የአክስቴ ልጅ ከውጭ በሰው ያስመጣችው አሸር ነበር፣ የመመርመሪያ እስክሪብቶው ሲነካው «አልማዝ» ብሎ ጮኸ። ሞይሳናይት የሚባል አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ያ መሣሪያ የሚለካው ሙቀት እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ሞይሳናይትም ሙቀት ስለሚያሳልፍ ይታለላል። የተያዘው በማጉያ መነጽር ነው። ከጎን ሲያዩት የታችኞቹ ገጾች መስመር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። የአልማዝ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ሰርተፍኬት አለው ማለት አይበቃም፣ የዚህ ድንጋይ ሰርተፍኬት መሆኑ ይረጋገጥ። ቁጥሩን የጂአይኤ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት በነጻ ነው። የሚወጣው ሚሊ ሜትር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በሌዘር ወገቡ ላይ ይቀረጻል። እህትህ ሱቁ ውስጥ በማጉያ አንብባ ታመሳክረው። በላቦራቶሪ የተሠራ መሆን አለመሆኑም ሰርተፍኬቱ ላይ ይጻፋል።

ዱባይ ስምንት ዓመት

በላቦራቶሪ የተሠራውም እውነተኛ አልማዝ ነው፣ እንዳታስፈራሪው እህቴ። ዋጋው በጣም ስለሚወርድ ብቻ አውቆ ይግዛ ነው። በዚሁ ብር ትልቅ አሸር የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ እኔ እሱን ነው የምነግረው።

ጎሃ ማዶ

አላስፈራሁትም። አውቆ ይግዛ ነው ያልኩት እኔም።

ሙሽራው (ሐሙስ ማታ)

እህቴ ዛሬ ሄደች። የጻፋችሁትን ሁሉ በድምጽ አንብቤ ልኬላት ነበር፣ «ወርቅ ሰሪ ሆንክ እንዴ?» አለችኝ። ድንጋዮቹን ይዛ መስኮቱ ጋ ስትሄድ ሻጩ ደስ አላለውም። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። የሁለተኛው መስቀል አንዱ ክንፉ አጥሯል፣ መሀሉም ወደ ግራ ሄዷል። ጠቆር ያለች ነጥብም አለችው። ስታዘነብለው ሁለት ትሆናለች፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስት። አንዴ ካየኋት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ኤክሰለንት የተባለውም ልስላሴው ሆኖ ተገኘ።

አንደኛው ደረጃው እኩል እኩል ይወርዳል። ማጉያውን ስትጠይቅ ሰጧት፣ ወገቡ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባ ከድረ ገጹ ጋር አመሳከረች፣ ገጠመ። ነገ ትከፍላለች።

ጋሼ፣ 18 ካራት ቢጫ ወርቅ፣ አራት ጥፍር እንዲሆን አስቤያለሁ። ከሠርጉ በፊት ይደርሳል?

ወርቅ ሰሪ፣ ፒያሳ

ድንጋዩ ከገባ አንድ ሳምንት ይበቃኛል። የጣቷ ልክ ስንት ነው?

ሙሽራው

የጣቷ ልክ?

ወርቅ ሰሪ፣ ፒያሳ

የጣቷ።

ሙሽራው

ኧረ እሱን አላውቅም። ብጠይቃት ትነቃለች።

ጎሃ ማዶ

እናቷን ጠይቅ። የምታደርገው ሌላ ቀለበት አይጠፋም፣ ለአንድ ቀን ታውስህ። የቀለበት ጣቷ መሆኑን ግን አረጋግጥ፣ ወንድሜ የመሀል ጣቷን ልክ ወስዶ ጉድ ሆነን ነበር።